ሀገር ስጠኝ

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንሠራ ሃያ ዓመት አልፎናል። በዚህ ዘመን ሁሉ ከብዕራችን ጫፍ አብዝቶ የወጣ ቃል ቢኖር «ተከሳሹ ቃሉን ተጠየቀ» የሚለው ነው። ሰው በነፍስ ግድያ ቢከሰስ፥ በስርቆት ቢያዝ፥ ስለ ድንበር ቢሟገት፥ ቃሉን ሳይጠየቅ አይፈረድበትም። ይህን ስንጽፍ የኖርን እኛ ግን ባለፈው ክረምት በገዛ ቤታችን፥ በገዛ ልጃችን ላይ፥ ቃሉን ሳንጠይቅ ፈረድን። ነገሩን ብናፍርበትም፥ ልጆች ላሏቸው አንባቢዎች ጥቂት ትምህርት ይገኝበት እንደ ሆነ ብለን ልንጽፈው ወደድን።

የበኩር ልጃችን በባሕር ዳር የሚማር ሲሆን ለዕረፍቱ ወደ መራዊ መጥቶ ነበር። በሐምሌ ወር አንድ ምሽት፥ ዝናቡ ሲወርድ ውሎ መብራት ጠፍቶ ሳለ፥ ከሥራ ተመልሰን ስንገባ አራት ወጣቶች በአንድ ሻማ ዙሪያ ተሰብስበው አገኘን። በጠረጴዛው ላይ ወረቀት፥ እርሳስ፥ በእጅ የተሣለ አንድ ትልቅ ካርታ፥ ደግሞም ፊታቸው ብዙ የሆነ ትንንሽ ጠጠሮች ነበሩ። ልጃችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዘንዶው ነቃ፤ አሁን ምን ታደርጋለህ?» ሲል ሰማነው። ከጓደኞቹ አንዱ ጠጠሩን ወረወረ፤ ሁሉም በአንድነት ጮኹ።

እኛም ወዲያው ሁለት ክስ በልባችን አቋቋምን፤ አንደኛው ቁማር፥ ሁለተኛው ጥንቆላ ነበረ። ምስክር አልጠራንም፤ ማስረጃም አልመረመርንም። ወረቀቱንና ካርታውን ሰብስበን ወደ ማድ ቤት ወሰድንና ከምድጃው እሳት ጨመርነው። ወጣቶቹ የጫማቸውን ማሰሪያ ሳያስሩ ወደ ዝናቡ ወጡ። ልጃችን አልጮኸም፤ አላለቀሰምም። «አባባ፥ ቃሌን ሳይቀበሉ ፈረዱብኝ» ብሎ ወደ መኝታው ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጧት «እንደምን አደሩ»፥ ማታ «እንደምን አመሹ» ከማለት በቀር ከእኛ ጋራ ሌላ ቃል አልተነጋገረም። ራቱንም ከእናቱ ጋራ በማድ ቤት ይበላ ጀመር።

ባለቤታችን አንድ ሳምንት ያህል ነገሩን በዝምታ ተመልክታ፥ በስምንተኛው ቀን አንድ ወረቀት ይዛልን መጣች። ጫፉ ተቃጥሎአል። ትንሿ ልጃችን ከምድጃው መንጥቃ አውጥታ ከመሶብ ሥር ደብቃው ኖሮአል። «እንግዲህ ካቃጠሉ በኋላ እንኳ ያቃጠሉት ምን እንደ ነበረ ይወቁት» አለችን።

ወረቀቱ የመጻሕፍት ዝርዝር ነበረ። በራሱ ላይ «የጨዋታችን ምንጮች» ይላል። ክብረ ነገሥት፥ የእስክንድር ዜና፥ የግሽ ዓባዩ የአቡነ ዘርአ ብሩክ ታሪክ፥ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ተራ በተራ ተጽፈዋል። ከዚያ በታች የማናውቃቸው የውጭ ሀገር ደራሲዎች ስም ይከተላል። በመጨረሻው መስመር ላይ ግን እንዲህ የሚል አገኘን፤ «ልጅ ሳለሁ አባቴ ማታ ማታ የጠየቀኝ እንቆቅልሽ።»

ወረቀቱን ይዘን ብዙ ጊዜ ተቀመጥን።

እኛ የተወለድነው ከቡሬ ከተማ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ቀን ከብት እንጠብቃለን፤ ማታ ከአያታችን እግር ሥር እንቀመጣለን። አንባቢዎቻችን ሁሉ እንደሚያውቁት ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይመልሳል። መልሱን ያጣ እንደ ሆነ ጠያቂው «ሀገር ስጠኝ» ይላል። ተሸናፊው አንዲት ትንሽ መንደር ቢያቀርብ አይቀበለውም፤ ደስ የሚያሰኘው ሀገር እስኪሰጠው ድረስ ይከራከራል። ሀገሩን ከተቀበለ በኋላም በዚያ ገብቶ እንዴት እንደ በላና እንደ ጠጣ፥ እንዴት እንደ ተከበረ እየተረከ በተሸናፊው ይሳለቅበታል፤ የእንቆቅልሹን ፍች የሚነግረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኛም ስምንት ዓመት ሳይሞላን ጎንደርን፥ ሸዋን፥ ምስርን ገዝተናል፤ በማግሥቱም በባዶ እግራችን ከብት ነድተናል። ግዛቱ በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር፤ ቃልን አሳክቶ መናገር ግን ከእኛ ጋራ ቀረ።

በመስክ ላይም ሌላ ጨዋታ ነበረን። አንዱ ዳኛ፥ አንዱ ከሳሽ፥ አንዱ ተከሳሽ ይሆናል። በአባቶቻችን ሸንጎ እንደ ሰማነው ዱላችንን እየሰበቅን «በላ ልበልሃ» እንባባላለን፤ በሌለ ማርና በሌለ በቅሎ እንወራረዳለን። የተረታው ሰው የራቁትን ከብቶች ይመልሳል። ዛሬ በየቀኑ የምናገለግለውን ችሎት መጀመሪያ ያየነው በዚያ መስክ ላይ ነው ብንል ሐሰት አይሆንም።

ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ጥቂት ቅኔም ከተማርን በኋላ ወደ አንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባን። በዚያም ጆን ቡንያን የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1678 ያሳተመውን የአንድ ክርስቲያን መንገደኛ ታሪክ አነበብን። ሰውየው ሸክሙን ተሸክሞ በረግረግ ሲሰምጥ፥ የዘንዶ ክንፍ ካለው ጠላት ጋራ ሲዋጋ፥ በጥርጣሬ ግንብ ውስጥ ሲታሰር፥ ከእርሱ ጋራ አብረን የሄድን ይመስለን ነበር። በዚያው ወራት የአያታችንን እንቆቅልሾች በአንድ ደብተር እንጽፍ ነበር። አንድ መምህር ደብተሩን አግኝቶ «ይህ የእረኛ ውሸት ነው» ብሎ በተማሪዎች ፊት ቀደደው። ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመታችን ነበረ። አያታችን በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ ከደብተሩ ጋራ የጠፋውን እንቆቅልሽ እንደገና የሚነግረን ሰው አልተገኘም። በልባችን ያቆየነው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ለልጃችን የነገርነውም ይህንኑ ጥቂቱን ነበር። እነሆ ያ መምህር በእኛ ያደረገውን እኛ በልጃችን አደረግን። እርሱስ ቀደደው እንጂ አላቃጠለውም።

በዚያው ምሽት ልጃችንን አስጠራነው። «መዝገቡ እንደገና ተከፍቶአል፤ ቃልህን ስጥ» አልነው። ፈገግ አላለም፤ ነገር ግን ተቀመጠ። የሰጠውን ቃል እንደ ሙያችን አሳጥረን እንዲህ ጻፍነው።

ጨዋታው ቁማር አይደለም፤ ገንዘብ አይያዝበትም። ከተጫዋቾቹ አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል። እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ሀገር፥ ዋሻውንና በሩን፥ ወጥመዱንና የተቀበረውን ሀብት አስቀድሞ ያሰናዳል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ሰው ጠባይ ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፥ አንዱ ካህን፥ አንዱ ጠቢብ ይሆናል። ተራኪው የሚታየውን ይነግራቸዋል፤ እነርሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ያሰቡት ነገር ሊሆንም ላይሆንም የሚችል ሲሆን ዕጣ ይጣላል፤ ባለ ብዙ ፊቱ ጠጠር የሚያገለግለው ለዚህ ነው። እርስ በርሳቸው አይሸናነፉም፤ ተባብረው ይድናሉ ወይም ተባብረው ይጠፋሉ። በእሳት ያቃጠልነው ካርታ ከመራዊ ተነሥቶ እስከ ግሽ ተራራ ያለውን ሀገር የሚያሳይ ነበረ። አቡነ ዘርአ ብሩክ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጥተው፥ ከዓመታት በኋላ ውኃው ምንም ሳያበላሽ እንደ መለሰላቸው በሀገራችን ይነገራል። የልጃችን ተራኪነት ከዚህ የተነሣ ነበረ፤ ተጫዋቾቹ ከተራራው ሥር ያለውን ምንጭ ከዘንዶ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ካርታውንና ጽሑፉን ለማሰናዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ውኃ የመለሳቸውን መጻሕፍት ሰምተናል፤ እሳት የመለሰውን ወረቀት ግን ከቶ አልሰማንም።

የጨዋታው አመጣጥስ ከየት ነው ብለን ጠየቅነው። የሩቁ ሥር በጀርመን ሀገር በፕሩሲያ ይገኛል። በዚያ ራይስቪትዝ የተባለ ባላባት ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ የሚያሳይ ጨዋታ ጀመረ፤ የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ አሻሽሎ በ1824 አቀረበው። የጦር አለቆቹም ከጨዋታነቱ ይልቅ ትምህርትነቱን አይተው ለሠራዊቱ እንዲሆን ፈቀዱ። አባት የጀመረውን ልጅ ፈጸመው ማለት ነው፤ ይህን ስንሰማ አንገታችንን ደፋን። በ1876 ደግሞ ቬርዲ ዱ ቬርኑዋ የተባለ የጦር መኮንን የደንቡን ብዛት ቀንሶ ፍርዱን ለዳኛው ልምድና አስተዋይነት ተወለት።

ከዚህ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ሲያልፍ፥ በ1974 ማለት በእኛ 1966 ዓ.ም.፥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀውን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ አወጡ። በመጀመሪያ የታተመው አንድ ሺህ ብቻ ሲሆን፥ በአንድ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። በዚህም ጨዋታ አንድ ሠራዊት ማዘዝ ቀርቶ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። በኋላ የታተሙት ደንቦች እየወፈሩ ስለ ሄዱ፥ ከሃያ ዓመት ገደማ ወዲህ ብዙ ተጫዋቾች ወደ ቀድሞው አጭር ሥርዓት ተመልሰዋል። ልጃችንም የሚወደው ይህንኑ አሮጌውን ነው። «በአሮጌው ሥርዓት ሰውን የሚያድነው በወረቀት የተጻፈለት ኃይል አይደለም፤ ጠይቆ መረዳቱና ብልኀቱ ነው። ያልጠየቀ ይሞታል» አለን። እኛም ይህን ቃል ወደ ራሳችን ወሰድነው።

ጋይጋክስ በ1979 ባሳተመው የተራኪዎች መምሪያ መጨረሻ ላይ ለጨዋታው ምንጭ የሆኑትን ደራሲዎች ስም ዘርዝሮ አመሰገነ። ልጃችን የራሱን ዝርዝር የጻፈው ይህን አብነት አድርጎ ነው። ከእነዚያ አንዱ ጃክ ቫንስ ይባላል። በ1950 በታተመው መጽሐፉ የጥበብ ቃል የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ ቃሉን አንድ ጊዜ ከተናገሩት ከልባቸው ይጠፋል፤ ዳግመኛ ማጥናት አለባቸው። በዚህ ሳቅን፤ በየኔታ ዘንድ በቃል ያጠናነው ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንኳ ከሌሊት እንቅልፋችን ይቀሰቅሰናልና።

ሌላው የኦክስፎርዱ መምህር ቶልኪን ነው። በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» በተባለው መጽሐፍ አንድ ትንሽ ፍጡር በተራራ ሥር ባለ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ይጠፋል፤ ከሚበላው አውሬ ጋራም በእንቆቅልሽ ይወራረዳል። ቢያሸንፍ የመውጫውን መንገድ ያሳየዋል፤ ቢሸነፍ ይበላዋል። ልጃችን ይህን ሲነግረን «እንግዲህ በዚያ ሀገር የሚሰጠው ነፍስ ነው፤ በእኛ የሚሰጠው ሀገር ነው» አልን። እርሱም ከሳምንት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየን። «አባባ፥ እኔም ጨዋታውን ስሰማው አዲስ ያልሆነብኝ ስለዚህ ነው» አለ።

በእውነትም ነገሩን ባሰላሰልነው መጠን እንግዳነቱ እየቀነሰ ሄደ። አባቶቻችን ሰንጠረዥ ሲጫወቱ፥ በመጀመሪያ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ተራ የሚጠበቀው አንዱ የሌላውን ከማረከ ወዲህ ነው። በዙሪያው የተቀመጡትም ሁሉ ምክር እየሰጡ ይጮኻሉ። እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ በመጣ ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ እንደሚወዱ ጽፎአል። መኳንንቱ ጦርነትን በጠረጴዛ ላይ ማየታቸው ክብራቸውን አላጐደለውም። ስለ ምንጮቹም የሄድን እንደ ሆነ፥ በእስክንድር ዜና ንጉሡ ጎግና ማጎግን በበር ሲዘጋባቸው፥ ወደ ጨለማ ሀገርም ሲሄድ እናነባለን። በአክሱም ነገር ሕዝቡን ያስገብር ስለ ነበረው ስለ ዘንዶው አርዌ ይተረካል። ፍቅር እስከ መቃብር የተነሣው እዚሁ በአጠገባችን ካለችው ከማንኩሳ ነው፤ ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው በመኪና ሲያልፍባት በዛብህን የሚያውቀው ሰው ያህል በመስኮት ይፈልገዋል። እኛም እንደዚያ እናደርጋለን። ያልነበረ ሰው ያለ ሆኖ ሲታየን ጥንቆላ ነው የሚል የለም።

ጨዋታውን በሰይጣን ሥራ የከሰስነው ግን እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካም በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ ወላጆች እንዲሁ ብለው በልጆቻቸው ላይ ተነሥተው ነበር። የሚያስደንቀው የእኛና የእነርሱ ስሕተት አንድ መሆኑ ነው፤ ሁላችንም የልጆቹን ድምፅ ከደጅ ሰማን እንጂ ገብተን አልተቀመጥንም።

ይህን ስንል ወላጅ ልጁን አይቈጣጠር ማለታችን አይደለም። ጨዋታ ትምህርትን የተሻማ እንደ ሆነ፥ እንቅልፍን የነሣ እንደ ሆነ፥ በጠጠሩም ገንዘብ ተይዞበት እንደ ሆነ መከልከል የአባት ግዴታ ነው። ለልጃችንም ይህን ነግረነዋል፤ እርሱም ተቀብሎአል። የምንመክረው ነገር አንድ ብቻ ነው። በችሎት ለማያውቁት ሰው የሚደረገው ለልጅም ይደረግለት፤ ከፍርድ በፊት ቃሉ ይሰማ። በሹመት ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ የሌላውን አቤቱታ ሲሰማ ይውልና ማታ ለልጁ ጆሮ ያጣል። የተሳሳተ ፍርድ በይግባኝ ይታረማል፤ በቤት የተሰጠ ፍርድ ግን ይግባኝ የሚባልበት የበላይ ችሎት የለውምና፥ ዳኛው ራሱ መዝገቡን ካልከፈተው ተዘግቶ ይቀራል።

በነሐሴ መጨረሻ ወጣቶቹ ተመልሰው እንዲመጡ ባለቤታችን ቡና አፍልታ ጠራቻቸው። እኛም ይቅርታ ጠየቅናቸው። ለሦስቱ ባዕዳን መናገሩ ቀለለን፤ ለልጃችን መናገሩ ግን ላብ አወጣን። እነርሱም አብረን እንድንቀመጥ ለመኑን። «ምን ዓይነት ሰው ይሆናሉ?» ተብለን ስንጠየቅ «ጸሐፊ» አልን፤ ሳቁ፤ ነገር ግን ፈቀዱልን። ከግሽ ተራራ ሥር ገብተን ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን አንድ ሳጥን አገኘን። ተራኪው ልጃችን «ከመክፈትዎ በፊት የሚጠይቁት ነገር አለ?» አለን። እኛም እንደ ልማዳችን «ምን ይጠየቃል? እንከፍተዋለን» አልን። ጠጠሩ ተጣለ። ከሳጥኑ መርዝ የተቀባ ቀስት ወጥቶ ገደለን። ትንሿ ልጃችን ከማድ ቤት ደጃፍ ቆማ እንዳለች እስክትወድቅ ሳቀች።

ካርታው አልተመለሰም። ልጃችን ሌላ ሣለ፤ ነገር ግን የፊተኛው ይበልጥ ነበር ይላል፤ እኛም እናምነዋለን። ወደ ባሕር ዳር ሊመለስ ነገ ሲነሣ፥ በዋዜማው ማታ ከራት በኋላ ጎናችን ተቀምጦ ድንገት «እንቆቅልህ» አለን። ጨዋታው አንቱታ አያውቅምና አልተቀየምንም፤ «ምን አውቅልህ» አልን።

«አፍ የለው ይናገራል፥ እግር የለው ይሄዳል፤ ሲጠማው ቀለም ጠጥቶ አንዱን ያሳስራል፥ አንዱን ያስፈታል።»

ብዙ አሰብን፤ ዳኛ ነው አልን፥ ፖሊስ ነው አልን፥ ገንዘብም ነው አልን። አይደለም አለ። «እንግዲያስ ሀገር ስጠኝ!» አለን። ዳንግላን ሰጠነው፤ አልፈልግም አለ። ቡሬን ጨመርንለት፤ እንቢ አለ። መራዊን ከነገበያዋ ብንሰጠው ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ «ግሽን ከነምንጩ፥ ከነተራራው ሰጠንህ» አልነው። ያን ጊዜ ተቀበለ። ወደ ሀገሩም ገብቶ ማር ሲበላ፥ ምንጩን ሲጠብቅ፥ እኛንም በደጁ አጋፋሪ አድርጎ ሲያቆመን እየተረከ እስከ እኩለ ሌሊት አሳቀን።

ፍቹን የነገረን ከዚያ በኋላ ነው። ብዕር ነው አለን። በደረት ኪሳችን ተሰክቶ ነበረ።